መሽ ኔትወርክ ራሱን እንዲችል ማዋቀር፦ ከመንገድ ልኬት እስከ ብልሽት ፍለጋ

መሽ ኔትወርክ ማለት ኖድ የሚባሉ የዋይፋይ ራውተሮች መረጃን እርስ በርስ እየተቀባበሉ የሚያደርሱበት ኔትወርክ ነው። ሁለት ኖዶች አንዱ የሌላውን ሲግናል በቀጥታ ይሰማል እንበል። ነገር ግን ከሚላኩት ፓኬቶች (የመረጃ ቁራጮች) የሚደርሰው ግማሹ ነው፤ በመልሱም እንዲሁ። በመካከላቸው ሦስተኛ ኖድ አለ፤ በእሱ በኩል ያሉት ሁለቱ ግንኙነቶች በየአቅጣጫው ከመቶ 95 ያደርሳሉ። ዝላይን፣ ማለትም ከአንድ ኖድ ወደ ቀጣዩ መተላለፍን፣ ብቻ የሚቆጥር ፕሮቶኮል (መንገድ የሚመርጥ ሥርዓት) ቀጥታውን ይመርጣል፤ አንድ ከሁለት ያንሳልና።

አሁን አንድ ፓኬት እንዲደርስ በአማካይ ስንት ጊዜ መላክ እንዳለበት እናስላ። ቀመሩ 1 ÷ (የመሄጃው ስኬት × የመመለሻው ስኬት) ነው፤ መመለሻው የሚገባው ዋይፋይ የደረሰኝ ማረጋገጫ ስለሚጠብቅ ነው። ቀጥታው 1 ÷ (0.5 × 0.5) = 4 ይሆናል። በመካከለኛው በኩል እያንዳንዱ ዝላይ 1 ÷ (0.95 × 0.95) = 1.11 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 2.22። «ረጅሙ» መንገድ የአየር ጊዜውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ልኬት ኢቲኤክስ (የሚጠበቅ የመላክ ብዛት) ይባላል፤ በ2003 ከኤምአይቲ ተመራማሪዎች የወጣ ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ የመሽ ፕሮቶኮሎች እሱን ወይም የቅርብ ዘመዱን ይጠቀማሉ።

መሽ ራሱን የሚያስተዳድረው በዚህ ልኬት ነው። ልኬቱ ከተዛባ ኔትወርኩ ሳያወላውል የተሳሳተውን መንገድ ይይዛል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚያተኩረው ልኬቱ እውነቱን እንዲናገር ማድረግ ላይ ነው።

ፕሮቶኮል መምረጥ

ኖዶቹ የሚንቀሳቀሱና አልፎ አልፎ ብቻ የሚነጋገሩ ከሆነ፣ መንገድ ሲያስፈልግ ብቻ የሚፈልገው ኤኦዲቪ ይስማማል። ዋጋው የመጀመሪያው ፓኬት መጠበቁና እያንዳንዱ ፍለጋ መላውን ኔትወርክ ማጥለቅለቁ ነው። በጣሪያና በምሰሶ ላይ ለተተከሉ ኖዶች ግን መንገዱን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ይሻላል። ኦኤልኤስአር በየ2 ሰከንዱ ሰላምታ፣ በየ5 ሰከንዱ የኔትወርኩን ቅርጽ የሚገልጽ መልእክት ይልካል፤ ብሮድካስቱንም (ለሁሉም የሚረጨውን መልእክት) የተመረጡ ጎረቤቶች ብቻ እንዲደግሙት ያደርጋል። ባቤል ቀላል ነው፤ መንገዶች ሲለዋወጡም ፓኬት በክብ እንዳይዞር የሚከላከል ጥብቅ ሕግ አለው። ባትማን-አድቭ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ከአይፒ በታች ስለሚሠራ መላው መሽ እንደ አንድ ትልቅ ስዊች ይታያል።

ለጥቂት ደርዘን ኖዶች ባትማንን እንመርጣለን፤ ተጠቃሚው ከኖድ ወደ ኖድ ሲሄድ አድራሻው አይቀየርም። ቁጥሩ ወደ መቶ ሲጠጋ ግን የብሮድካስቱ ሸክም ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ባቤል ይሻላል። ቀጥሎ ያለው ማዋቀር ኦፕንደብሊውአርቲ (በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የራውተር ሶፍትዌር) በተጫነባቸው ራውተሮች ላይ፣ በ802.11ኤስ (የዋይፋይ የመሽ ደረጃ) ሬዲዮ፣ ባትማን-አድቭን ለማቆም ነው።

መጀመሪያ ሬዲዮው

ሁለት ሬዲዮ ያለው ራውተር ያዙ፤ 5 ጊጋኸርዙን ለመሹ፣ 2.4 ጊጋኸርዙን ለተጠቃሚዎች። አንድ ሬዲዮ በአንድ ጊዜ መቀበልና መላክ አይችልም፤ በአንድ ቻናል ላይ ሁለተኛው ዝላይ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ፣ ሦስተኛው ወደ ሲሶ ያወርደዋል። በረጅም ሰንሰለት ላይ በሐሳብ ደረጃ የሚገኘው ሩብ ነው፤ በ2001 የወጣ የታወቀ ጥናት ግን በተግባር ወደ አንድ ሰባተኛ እንደሚወርድ በሲሙሌሽን አሳይቷል። ስለዚህ የኢንተርኔት መግቢያውን ዳር ላይ አታስቀምጡት። መሀል ላይ አድርጉት፤ ማንም ከ3 ዝላይ በላይ እንዳይርቅ።

ርቀቱን ከመውጣታችሁ በፊት አስሉት። በ5.5 ጊጋኸርዝ 1 ኪሎ ሜትር ክፍት ቦታ 107 ዲሲቤል ያጠፋል። 20 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) የሚልክ ራውተር በሁለቱም ጫፍ 5 ዲቢአይ (አንቴናው ሲግናሉን የሚያጠነክርበት መጠን) አንቴና ቢኖረው፦ 20 + 5 + 5 − 107 = −77 ዲቢኤም። ይህ ይገናኛል፤ ሸክም ግን አይችልም። ግባችሁ −65 ነው፤ በዚሁ ዕቃ እሱን የምታገኙት እስከ 240 ሜትር ገደማ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየትም አይበቃም። ለ500 ሜትር ግንኙነት መካከሉ ላይ የሬዲዮው ሞገድ የሚያልፍበት ቀጠና 2.6 ሜትር ራዲየስ አለው፤ ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 1.6 ሜትር ያህሉ፣ ከጣሪያ ጠርዝና ከዛፍ ነጻ መሆን አለበት።

ሲግናሉ ሲደክም የመላኪያ ኃይል መጨመር የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። አንዱ ኖድ በ30 ዲቢኤም ቢጮህ ሌላው ደግሞ በ20 ቢመልስ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይሰማል፤ የመጀመሪያው ግን ሁለተኛውን አይሰማም። የተሻለ አንቴና ግን ለመላክም ለመቀበልም እኩል ይጠቅማል፤ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ማዋቀሩ

1. በሁሉም ኖዶች ላይ አንድ ዓይነት የፈርምዌር ስሪት ጫኑ። ከ2014 በፊት የነበሩት የባትማን ስሪቶች ከኋለኞቹ ጋር አይነጋገሩም፤ ባትማን መንገድ የሚመርጥባቸው አራተኛውና አምስተኛው አልጎሪዝምም እርስ በርስ አይነጋገሩም።

2. ቻናሉን በቁጥር ቁረጡት፤ ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 አንዱን። «ራስህ ምረጥ» የሚለውን አትተዉት፤ ሁለት ኖዶች የተለያየ ቻናል ከመረጡ ፈጽሞ አይገናኙም። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ራዳር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፦ ኖዱ ከመላኩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ራዳር የመሰለ ነገር ከሰማም ቻናሉን ለቆ ይሄዳል። ለተራ ራውተር ይህ የአንድ ደቂቃ መቋረጥ ነው፤ ለመሽ ግን ከኋላው ያሉትን ሁሉ ይቆርጣል።

3. የመሹን ስምና የይለፍ ቃል በሁሉም ላይ አንድ አድርጉ፤ ምስጠራውን ኤስኤኢ (በይለፍ ቃል የሚሠራ የዋይፋይ ማረጋገጫ) አድርጉት። ከኦፕንደብሊውአርቲ ጋር የሚመጣው «ቤዚክ» የደብሊውፓድ (የዋይፋይ ምስጠራውን የሚያስተናግድ ፕሮግራም) ጥቅል የተመሰጠረ መሽ አይችልም፤ መሽ በሚደግፈው ካልተተካ ሬዲዮው በርቶ አንድም ጎረቤት አያሳይም።

4. የ802.11ኤስን የራሱን ፓኬት ማስተላለፊያ አጥፉ። ይህ ከሁሉ በላይ የሚረሳ ነው። ካልጠፋ ከታች ያለው ሬዲዮ በራሱ መንገድ ይመራል፤ ባትማንም ሦስት ዝላይ የራቀውን ኖድ የቅርብ ጎረቤት አድርጎ ያየዋል። የሚለካው ሁሉ ሐሰት ይሆናል።

5. የመሹን የፓኬት መጠን ጣሪያ 1532 ባይት አድርጉት። ባትማን እስከ 32 ባይት የራሱን ራስጌ ይጨምራል።

6. የመሹን ሬዲዮ ለባትማን ስጡት፤ ከዚያ ባትማን የሚፈጥረውን «ባት0» የተባለ የኔትወርክ በር ከተጠቃሚዎች ዋይፋይና ከኬብሉ ጋር በአንድ ብሪጅ (በሮችን እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያገናኝ) እሰሩ። የመሹን ሬዲዮ ራሱን ብሪጁ ውስጥ አታስገቡ።

7. የጎረቤት መቀበያ ገደቡን −75 ወይም −80 ላይ አድርጉ። ከዚያ በታች የሚሰማ ኖድ ጎረቤት ሆኖ እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ገደቡን ከማጥበቃችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ ኖድ ቢያንስ ሁለት በቂ ጎረቤት እንዳለው አረጋግጡ።

ልኬቱን ማረም

በባትማን አራተኛው አልጎሪዝም እያንዳንዱ ኖድ በየ1000 ሚሊሰከንዱ «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ይረጫል፤ ሌሎቹም እየተቀባበሉ ያደርሱታል። የጎረቤት ጥራት የሚመዘነው ከመጨረሻዎቹ 64 መልእክቶች ስንቱ እንደተሰማ በመቁጠር ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይገለጻል።

ይህን ቁጥር በብዛት የሚያዛባው የመልእክቱ ፍጥነት ነው። ብሮድካስት ስለሆነ በዝቅተኛው ፍጥነት ይላካል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብዙውን ጊዜ በ1 ሜጋቢት፣ በ5 ጊጋኸርዝ በ6 ሜጋቢት በሰከንድ። ቀርፋፋ ፓኬት ሩቅ ይሰማል። ስለዚህ የተጠቃሚውን ቪዲዮ መሸከም የማይችል ደካማ ግንኙነት፣ አጭሩን መልእክት ግን ሳያጠፋ ስለሚያደርስ 250 ያገኛል፤ ኔትወርኩም በእሱ ላይ ይጫናል። መፍትሔው የመልቲካስት ፍጥነቱን (ብሮድካስትም የሚላክበትን) ወደ 12 ወይም 18 ሜጋቢት ከፍ ማድረግ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶች ከዝርዝሩ ይጠፋሉ፤ መጥፋታቸው ትክክል ነው። ብቸኛ መንገዱን ያጣ ኖድ ካለ ግን የሚያስፈልገው አንቴና ወይም መካከለኛ ኖድ ነው፤ ፍጥነቱን መልሳችሁ አታውርዱት።

ቀጥሎ የመልእክቱ ክፍተት ነው። 50 ኖዶች በየሰከንዱ ቢልኩና እያንዳንዱ የሌላውን ቢደግም በሰከንድ እስከ 2500 መልእክት ይሆናል። ባትማን ብዙዎቹን በአንድ ፓኬት ስለሚጠቀልል እውነተኛው ሸክም ያንሳል፤ ቢሆንም ይሰማል። ክፍተቱን ወደ 5000 ሚሊሰከንድ ማስፋት ያቃልለዋል። ነገር ግን ያው የ64 መልእክት መስኮት አብሮ ይለጠጣል፦ በ1 ሰከንድ 64 ሰከንድ የነበረው በ5 ሰከንድ 320 ሰከንድ ይሆናል፤ የሚዳከም ግንኙነትን ለማወቅ ኔትወርኩ ያን ያህል ይዘገያል። እስከ 20 ኖድ ድረስ 1000ን አትንኩት።

በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ኖድ የሌሎችን ጭነት እንዳይሸከም ከፈለጋችሁ የዝላይ ቅጣቱን ከፍ አድርጉት። መነሻው 30 ነው፤ ከ255 ላይ 12 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 100 ብታደርጉት ሌላ አማራጭ ያለው ሁሉ በዚያ በኩል አያልፍም፤ አማራጭ ሲጠፋ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ራስን ማስተዳደር በዚህ መልኩ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል።

መግቢያና አድራሻ

አድራሻ የሚያድሉት መግቢያዎቹ ብቻ ይሁኑ፤ በሌሎቹ ኖዶች ላይ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ይጥፋ። ሁለት መግቢያ ካላችሁ 10.20.0.1 እና 10.20.0.2 ብላችሁ፣ አንዱ ከ10.20.1.1 እስከ 10.20.100.254፣ ሌላው ከ10.20.101.1 እስከ 10.20.200.254 ያድል። በባትማን የመግቢያ ቅንብር ሁለቱን «ሰርቨር»፣ የቀሩትን «ክላየንት» አድርጓቸው፤ አዲስ ተጠቃሚ አድራሻ ሲጠይቅ የተሻለ መንገድ ወዳለው መግቢያ ይመራል። መግቢያው ላይ የወረፋ መቆጣጠሪያውን ኤስኪውኤምን ከለካችሁት የኢንተርኔት ፍጥነት 85 በመቶ ገደማ ላይ አቁሙት። እያንዳንዱ ኖድም ሰዓቱን ከመግቢያው ይውሰድ፤ ብዙ ራውተር ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌለው መብራት ሲጠፋ ቀኑ ይዛባል።

ሲበላሽ

ፒንግ ይሠራል፣ ድረ ገጽ ግን ተጀምሮ ይቆማል፦ የፓኬት መጠን ነው። እንዳይከፋፈል አድርጋችሁ 1472 ባይት ፒንግ ላኩ፤ ራስጌው 28 ሲጨመር 1500 ይሞላል። ይህ ካልደረሰ 1532 ያልተደረገ ኖድ መንገዱ ላይ አለ።

ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ቢወድቅ፣ አንዱ የሌላውን ሲግናል የማይሰማ ሁለት ኖዶች በአንድ ጊዜ ወደ ሦስተኛው እየላኩ ሊሆን ይችላል። የአርቲኤስ (ከመላክ በፊት ፈቃድ የመጠየቂያ) ገደቡን 500 ባይት አድርጋችሁ ልዩነቱን ለኩ። በተቃራኒው ሁለት ኖዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከሩም ቀርፋፋ ይሆናሉ፤ ከ−30 የበረታ ሲግናል ተቀባዩን ያደነቁረዋል።

ሁሉም ነገር በድንገት ታንቆ መብራቶቹ ያለማቋረጥ የሚያብለጨልጩ ከሆነ ፓኬት በክብ እየዞረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኖዶች በሬዲዮም በኬብልም ተገናኝተዋል። ኬብሉን ንቀሉ፤ ከዚያ የባትማን የብሪጅ ክብ መከላከያ በሁሉም ኖዶች ላይ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

ፍጥነት ስትለኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አትጀምሩ። በአይፐርፍ3 (የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) እያንዳንዱን ዝላይ ለብቻው ለኩ፤ ደካማው ራሱ ይወጣል። ከዚያ በሰከንድ አንድ ፒንግ እየላካችሁ መካከለኛውን ኖድ ከመብራት ንቀሉት። የጠፉት ምላሾች ብዛት ኔትወርኩ መንገድ እስኪቀይር የፈጀበት ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር መዝግቡ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ደግሙት።

በሚሠራ መሽ ላይ ቻናል ወይም የይለፍ ቃል ስትቀይሩ ከመግቢያው በጣም ከራቀው ኖድ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ኑ። ከቅርቡ ከጀመራችሁ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ታጣላችሁ፤ ከዚያ መሰላል ይዞ መውጣት ነው። ከመቀየራችሁ በፊትም ኖዱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካላረጋገጣችሁለት የድሮውን ቅንብር መልሶ እንዲነሣ ቀጠሮ ያዙለት፤ ስትገናኙ ቀጠሮውን ሰርዙ።