የፈጣን ኒውትሮኖችን ኤላስቲክ ብተና ስንለካ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፈጣን ኒውትሮን ከኒውክሊየስ ጋር ተጋጭቶ፣ የኒውክሊየሱን ውስጣዊ ሁኔታ ሳይለውጥ አቅጣጫውን ቀይሮ ሲሄድ ክስተቱ ኤላስቲክ ብተና ይባላል። የዚህን ክስተት ዕድል፣ ማለትም ክሮስ ሴክሽኑን፣ በየማዕዘኑ ለመለካት የተለመደው መንገድ የበረራ ጊዜ ዘዴ ነው፤ አክስለሬተር ኒውትሮኖችን በአጫጭር ምቶች ያመነጫል፣ ናሙናው ይበትናቸዋል፣ ራቅ ብሎ የተተከለው ዲቴክተር ደግሞ የደረሱበትን ቅጽበት ይመዘግባል። ሰዓቱ ግን ኒውትሮኑ መቼ እንደደረሰ እንጂ በመንገዱ ላይ ምን እንዳጋጠመው አይናገርም፤ አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት ይህን ከመርሳት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በጊዜ ስፔክትረሙ ላይ፣ ማለትም በየቅጽበቱ ስንት ኒውትሮን እንደደረሰ በሚያሳየው ግራፍ ላይ፣ የሚታየውን ትልቁን ጫፍ ሳይመረምሩ ኤላስቲክ ብሎ መቁጠር ነው። ብረት-56ን እንውሰድ። የመጀመሪያው የተነቃቃ ደረጃው (ኒውክሊየሱ ከመደበኛው በላይ ኃይል የሚይዝበት ሁኔታ) 0.847 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስለሚገኝ፣ ይህን ኃይል ለኒውክሊየሱ ትቶ የወጣ ኒውትሮን ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ለ5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን በ3 ሜትር ርቀት ላይ መዘግየቱ ወደ 9 ናኖ ሰከንድ ስለሚጠጋ ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ለ14.1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን ግን ከ2 ናኖ ሰከንድ ያንሳል። ስለዚህ ርቀቱን ሳያስረዝሙ ወይም የምቱን ስፋት ሳያሳጥሩ የተገኘ ውጤት የሁለቱ ድምር ነው ማለት ነው።

የጊዜው መነሻ የሚወሰነው ከኒውትሮኖቹ ጋር አብሮ ከምንጩ በሚወጣው የጋማ ጨረር ምልክት ነው፤ ጋማው 3 ሜትሩን በ10 ናኖ ሰከንድ እንደሚያቋርጥ ሂሳብ ውስጥ ማስገባት የረሳ ሰው ኃይሉን ሁሉ ያዛባል። ጋማውን ከኒውትሮን በምልክቱ ቅርጽ መለየትም ግዴታ ነው። (በ1932 እ.ኤ.አ. ኢሬን ኩሪ እና ፍሬዴሪክ ዦሊዮ ከፓራፊን ፕሮቶን ያስወጣውን ጨረር ጋማ ነው ብለው ነበር፤ ኒውትሮን መሆኑን በዚያው ዓመት ያሳየው ጄምስ ቻድዊክ ነው።)

ምንጩ አንድ ኃይል ብቻ ይሰጣል ብሎ ማመንም ያሳስታል። ፕሮቶን ሊቲየም-7ን ሲመታ ከዋናው ቡድን ሌላ፣ ቤሪሊየም-7 ተነቃቅቶ ሲቀር የሚወጣ ሁለተኛ ቡድን አለ፤ ይህ ቡድን ከኢንኤላስቲክ ብተና፣ ማለትም ኒውትሮኑ ኒውክሊየሱን አነቃቅቶ ከሚሄድበት ብተና፣ ጋር በቀላሉ ይምታታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ናሙናውን እንደ ነጥብ ማሰብ ነው። በ14 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ አንድ ኒውትሮን በብረት ውስጥ ሳይጋጭ በአማካይ የሚጓዘው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ናሙና ውስጥ ከሦስቱ ኒውትሮኖች ከአንድ የሚበልጠው ይጋጫል፤ ከተጋጩት ውስጥም ጥቂት የማይባሉት ሳይወጡ እንደገና ይጋጫሉ። ብተናው ወደ ፊት እጅግ ስለሚበዛ፣ ሁለት ጊዜ በትንሽ ማዕዘን የተበተኑት ኒውትሮኖች ክሮስ ሴክሽኑ ዝቅ በሚልባቸው ማዕዘኖች ላይ ይደርሱና ጉድጓዱን ይሞሉታል። ማስተካከያው በሞንቴ ካርሎ ስሌት፣ ማለትም የብዙ ኒውትሮኖችን ጉዞ በዕጣ እየመሰለ በሚያሰላ ዘዴ፣ ይሠራል፤ ነገር ግን ስሌቱ ራሱ የማዕዘን ሥርጭቱን አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ የተገኘውን ውጤት መልሶ በማስገባት እስኪረጋ ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ አስልቶ ማቆም የራስን ግምት መልሶ ማተም ነው።

ከናሙናው ያልመጡትን ኒውትሮኖች ከቆጠራው ላይ ለመቀነስ ናሙናውን አንሥቶ፣ በዚያው የጨረር መጠን መልሶ መለካት ይገባል።

ለቀላል ኒውክሊየሶች ሌላ ወጥመድ አለ። በመሐከለ ክብደት ማዕቀፍ (የኒውትሮኑና የኒውክሊየሱ የጋራ የክብደት ማዕከል እንደቆመ በሚታሰብበት እይታ) በ90 ዲግሪ ከካርቦን የተበተነ ኒውትሮን 86 በመቶ ያህል ኃይሉን ይዞ ሲሄድ፣ ወደ ኋላ የተመለሰው የሚይዘው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የዲቴክተሩ ብቃት በኃይል ስለሚለያይ ለሁሉም ማዕዘን አንድ ብቃት መጠቀም ሥርጭቱን ያጣምማል፤ ብቃቱ ካሊፎርኒየም-252 ሲሰነጠቅ (ፊሽን) በሚያወጣቸው ኒውትሮኖች የኃይል ስፔክትረም ቢለካ ይሻላል። ማዕቀፎቹን ማደባለቅም እንዲሁ ያሳስታል፤ በሃይድሮጅን ላይ የተበተነ ኒውትሮን በላቦራቶሪው ማዕቀፍ ከ90 ዲግሪ በላይ ፈጽሞ አይታይም።

በመጨረሻም ወደ ዜሮ ዲግሪ የተዘረጋው ክሮስ ሴክሽን ከዊክ ወሰን፣ ማለትም ከጠቅላላው ክሮስ ሴክሽን ከሚሰላው ዝቅተኛ ዋጋ፣ በታች ከወረደ መመርመር የሚገባው ማስተካከያው ነው።