ከበዓል የተረፈውን በኦቭን ሲጋግሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በበዓል ማግስት ማቀዝቀዣው ሲከፈት የሚታየው ያው ነው፦ ግማሽ የተጠበሰ ዶሮ፣ አንድ ሳህን የተቀቀለ ድንች፣ ጥቂት ካሮትና ፎሶሊያ፣ ጫፉ የደረቀ ዳቦ። ለየብቻቸው ማንንም አያጓጉም። በአንድ መጋገሪያ ዕቃ ተደርድረው፣ ነጭ ሶስ ፈስሶባቸውና ቺዝ ተነስንሶባቸው ከኦቭን ሲወጡ ግን ቤተሰቡን ሳይጠሩት ወደ ማዕድ የሚሰበስብ ምግብ ይሆናሉ። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚያበላሸው ምግቡ አስቀድሞ የበሰለ መሆኑን መዘንጋት ነው። ከኦቭኑ የሚፈለገው እንዲያሞቅ፣ እንዲያዋህድና ከላይ እንዲያቀላ ብቻ ነው።

ምግቡን እስከ እኩለ ሌሊት ገበታ ላይ መተው

የማግስቱ ምግብ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በበዓሉ ምሽት ነው። ጨዋታው ይደምቃል፣ ዕቃ ማንሳት እንግዳን እንደማስነሣት ይቆጠራል፣ ስጋውም እዚያው ያመሻል። በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ባክቴሪያ በፍጥነት ስለሚራባ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይተዉት።

«ነገ በደንብ አሞቀዋለሁ» ብሎ መጽናናት ዋጋ የለውም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ቢሞቱም ያመነጩት መርዝ ሙቀትን ይቋቋማል። በተለይ ሩዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባሲለስ ሴሬስ የተባለው ባክቴሪያ መቀቀልን ተቋቁሞ ይተርፍና ሩዙ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባል። የሚያስመልሰውን መርዙን ኦቭን አያጠፋውም። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ሩዝ ቢያሳዝንዎትም ይድፉት።

ትልቅ ድስት እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም ያው ስህተት ነው፤ ዙሪያው ሲቀዘቅዝ መሃሉ ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ስጋውን ከአጥንቱ ለይተው፣ ሁሉንም ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለው ክዳን ይግጠሙላቸው። እንዲህ ከተቀመጠ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል።

የተገኘውን ሁሉ በአንድ ዕቃ መከመር

ምንም እንዳይባክን መፈለግ መልካም ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ዓሣ፣ ጥብስና ጣፋጭ ሶስ የተቀባ ዶሮ አንድ ላይ ሲገቡ የሚወጣው ጣዕም የማንኛቸውም አይሆንም። እኔ የምከተለው ልክ አንድ ዓይነት ስጋ፣ አንድ ሆድ የሚሞላ ነገር (ድንች፣ ፓስታ፣ ሩዝ ወይም ዳቦ)፣ ቢበዛ ሁለት አትክልትና አንድ ሶስ ነው። ሰላጣ ቅጠልና ኪያር አይጋገሩም፤ ውሃ ብቻ ይሆናሉ።

ስጋውን ለሁለተኛ ጊዜ ማብሰል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ የዶሮው ደረት እንደ ገመድ ይደርቅና ጥፋቱ የኦቭኑ ይመስለዋል። ስጋ መጀመሪያ ሲበስል ጭማቂውን ከፊሉን ለቋል። የቀረውን ለማትረፍ ቁርጥራጩና አቀማመጡ ወሳኝ ናቸው። ስጋውን ልብ ብለው ሲያዩት እንደ ክር የተደረደሩ ጭረቶች ይታያሉ። ቢላዎን በጭረቶቹ አቅጣጫ ሳይሆን አግድም ያሳርፉና በአውራ ጣት አንጓ ልክ ይቁረጡት፤ ክሮቹ ስለሚያጥሩ ደረቅ ስጋ እንኳ ሲታኘክ ይለሰልሳል። ከዚያም ሙሉ በሙሉ በሶሱ ውስጥ ይቅበሩት። አንድም ቁራጭ ከላይ ብቅ ማለት የለበትም።

ሶሱ ሌላም ጥቅም አለው። የበሰለ ስጋ ሲያድር ስቡ ከአየር ጋር ተዋህዶ የቆየ፣ ደስ የማይል ሽታ ያመጣል፤ በዶሮ ላይ ደግሞ ይብሳል። ማታውኑ አጥብቆ መሸፈን፣ በማግስቱም በሶስ ማልበስ ሽታውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ደረቱንና የጭኑን ስጋ የሚቀላቅሉ ከሆነ የጭኑን በዕቃው ዳር ዳር ያድርጉት፤ ስብ ስላለው የዳሩን ሙቀት ይችላል። ቆዳውን ሶስ ውስጥ አይጨምሩ፣ እንደ ላስቲክ ይሆናል። ለብቻው በመጥበሻ አድርቀው ሊበላ ሲል ከላይ ቢፈረፍሩት ግን የሚጣፍጠው ክፍል እሱ ነው። አጥንቱን አይጣሉት፤ ለሶሱ መረቅ ይሆናል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ሶስ ማፍሰስ

ለነጭ ሶሱ 50 ግራም ቅቤ አቅልጠው በ50 ግራም የስንዴ ዱቄት ያማስሉ፤ ዱቄቱ ጥሬ ጥሬ እንዳይል 2 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ከዚያ 600 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ ግማሹ ወተት ግማሹ የአጥንቱ መረቅ፣ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ያዋህዱት። የማንኪያውን ጀርባ ሲያለብስና በጣት ሲሰመርበት መስመሩ ሳይደፈን ሲቀር ደርሷል። ይህ ልክ ለድንች ተስማሚ ነው።

ፓስታና ሩዝ ግን ኦቭን ውስጥም መጠጣታቸውን አያቆሙም፤ ለእነሱ አንድ ብርጭቆ ያህል ፈሳሽ ጨምረው ሶሱን ያቅጥኑት። በተቃራኒው ስፒናችና እንጉዳይ ውሃ ይለቃሉ፤ ጨምቀው ይጨምሯቸው። ዳቦ ከሆነ መሠረቱ፣ ከነጭ ሶስ ይልቅ 4 እንቁላል በግማሽ ሊትር ወተት መትተው ያፍሱበትና ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። እዚህ የደረቀ ዳቦ ከትኩሱ ይሻላል፤ ትኩሱ ይላቁጣል፣ ደረቁ ግን ቅርጹን ሳይለቅ ይጠጣል።

ጨው መድገም

ስጋው፣ አትክልቱ፣ መረቁና ቺዙ ሁሉም ጨው አላቸው። ሶሱን ከአንድ ቁራጭ ስጋ ጋር ቀምሰው ብቻ ይወስኑ። ጣዕሙ የደበዘዘ ከመሰለዎት ብዙ ጊዜ የጎደለው ጨው ሳይሆን ኮምጣጣ ነገር ነው፤ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ወይም አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ ይሞክሩ።

የቀዘቀዘ የመስታወት ዕቃ በጋለ ኦቭን ውስጥ ማስገባት

ማታ ያዘጋጀሁትን ጠዋት ከማቀዝቀዣ አውጥቼ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቭን ያስገባሁበትን ቀን አልረሳም። በሩን ከዘጋሁ በኋላ የሰማሁት ድምፅ ደረቅና አጭር ነበር። ዕቃው ለሁለት ተሰንጥቆ ሶሱ በኦቭኑ ወለል ላይ ሲፈስ አየሁ። ስባሪ ሊገባበት ስለሚችል ምግቡን በሙሉ ደፋሁት። መስታወት ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይወድም። ምግቡን በብረት ዕቃ ያሳድሩት፤ አለዚያም ሊጋግሩ ሲሉ ለብ ወዳለ መስታወት ይገልብጡት።

ላዩ ሲቀላ በስሏል ማለት

የዕቃው ዳር ይፍለቀለቃል፣ ቺዙ ወርቅማ ይሆናል፣ መሃሉ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ኦቭኑን 180 ዲግሪ ላይ አድርገው ምግቡን በፎይል ሸፍነው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩት፤ ቺዙን የሚነሰንሱት ፎይሉን ሲያነሡ ነው። ከዚያ ሌላ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። የምግብ ቴርሞሜትር ካለዎት መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ከሌለዎት ቀጭን ቢላዋ እስከ መሃል ይስደዱና እስከ አሥር ቆጥረው ያውጡ፤ ጎኑን ቀስ ብለው የእጅ አንጓዎን ሲያስነኩት በጣም ሊያተኩስ ይገባል። ለብ ብቻ ካለ ፎይሉን መልሰው 10 ደቂቃ ይጨምሩ። የምግቡ ከፍታ ከ5 ሴንቲሜትር ካለፈ ይህ ሁሉ ስሌት ይዛባል፤ ሰፊና ዝቅ ያለ ዕቃ ይምረጡ።

ካወጡት በኋላ 10 ደቂቃ ይታገሡ። ሶሱ የሚረጋው ያኔ ነው፤ ወዲያው ከቆረጡት ሳህኑ ላይ ይፈርሳል።

የተረፈውን ትራፊ ደጋግሞ ማሞቅ

አንዴ የተጋገረውን በየቀኑ ሙሉውን እያወጡ ማሞቅና መመለስ ጣዕሙንም ደኅንነቱንም ይጎዳል፤ የሚበላውን ቁራጭ ብቻ ያሙቁ። ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ ከመጋገሩ በፊት ለሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ይክፈሉት። ሁለተኛውን ቺዝ ሳይነሰንሱ አጥብቀው ሸፍነው በረዶ ቤት ያስገቡትና ቀኑን ይጻፉበት። ሊጋግሩት ሲያስቡ ከአንድ ቀን በፊት ወደ ማቀዝቀዣው ዝቅ አድርገው ያሳድሩት።