ችግርና መፍትሄ፦ ተማሪዎች የሚሠሩት የአየር ንብረት ማስታወቂያ ለምን አያሳምንም?

ችግር፦ ፖስተሩ ላይ በረዶ ላይ የቆመ ነጭ ድብ ተስሏል።
ምክንያት፦ ልጁ ከኢንተርኔት ያገኘው ይህንኑ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት በረዶ የሚታወቀው ጁስ ቤት ነው።
መፍትሄ፦ ወረቀትና ቀለም ከማደላችሁ በፊት ክፍሉን ይዛችሁ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ውጡ። ደረቁን አሸዋ እያዩ ይጻፉ።

ችግር፦ «የአየር ንብረት ለውጥ በ1998 ወገኖቻችንን ጨረሰ» የሚል ጽሑፍ።
ምክንያት፦ ሐዘኑ እውነት ነው፤ በዚያ ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። (ቤተሰቡ የተጎዳ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል፣ ወሬውን ከማንሳታችሁ በፊት አስቡበት።) ግን የአንድን ሌሊት ጎርፍ በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ከላይ የተራቆቱት ተራሮች፣ ከታች ወንዙ ዳር የተሠሩት ቤቶች አሉበት። አንድ ተመልካች ይህን ካነሳ ማስታወቂያው በሙሉ ይወድቃል።
መፍትሄ፦ ግሱን አስለውጧቸው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ትነት መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ «ከባድ ዝናብ እየበረታ ይሄዳል» ማለት ይቻላል። በሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ በአንዱ ስሜት የሚነካውን በሌላው ማስረጃውን ያስምሩ። አንዱ ቀለም ብቻ ከታየ ሥራው አላለቀም። የሐረማያ ሐይቅ ለዓመታት ደርቆ መቆየቱም ለዚህ መልመጃ ይመቻል፤ ለመስኖና ለከተማ የተቀዳው ውሃ፣ ደለሉና ሙቀቱ ተደራርበውበታል።

ችግር፦ ሁሉም «ዛፍ እንትከል!» ብሎ ይጨርሳል።
ምክንያት፦ ለማን እንደሚናገር አልወሰነም። አንዳንዱማ የባጃጅ ተሳፋሪውን «መኪናህን ተው» ይላል፤ የኢትዮጵያዊ የነፍስ ወከፍ የካርቦን ልቀት ከዓለም አማካይ በጣም ያነሰ መሆኑን ረስቶ።
መፍትሄ፦ አንድ ሰው ይምረጡ። ለምሳሌ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ዕቃ ዘርግታ የምትሸጥ እናት። ከእሷ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደጋው ከጠቆረ፣ አሸዋው ላይ አትቆዪ።» ይህን ወደ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሲመልሱ ቃል በቃል አይሁን፤ በቋንቋው አፉን የፈታ ልጅ ራሱ ይጻፈው።

ችግር፦ ትንተና ሲጠየቁ «ያምራል» ብቻ ይላሉ።
መፍትሄ፦ በሳሙና ማስታወቂያ ጀምሩ። ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ «ምን ግዛ አለህ?» በሏቸው።

ከመለጠፋችሁ በፊት ፖስተሩን ለትምህርት ቤቱ በር ባለሱቅ ለአፍታ አሳይታችሁ ደብቁት። ምን አድርግ እንዳለው ጠይቁት። «ስለ አየር መሰለኝ» ካለ ወደ ክፍል መልሱት።