ኮምፒውተሩ ሌሊት ራሱ ደውሎ ራሱ እንዲዘጋ

ደሴ፣ ቤቴ ሆኜ የነጋዴ ሂሳብ እሠራለሁ። ደረሰኞቹ ፎቶ እየተነሱ በኢሜይል ይመጡልኛል። አብዛኞቹ ከኮምቦልቻ ናቸው። ቀን ቀን ኔቱ ይንቀራፈፋል፤ ፎቶ እያወረዱ ሂሳብ መሥራት ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ እኔ ስተኛ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ይደውላል፣ ደብዳቤዎቹን ያወርዳል፣ ይዘጋል። ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ሥራዬ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

«ይደውላል» ያልኩት የምሬን ነው። ዳያል አፕ ድሮ ቀረ የሚል ሰው ብዙ ነው። ያ በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገናኘው ሞደም እውነትም ቀርቷል። ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነበር የሚያወርደው፤ አንዲት ሜጋ ባይት በደህና ቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ትፈጃለች። ዩኤስቢ ላይ የምንሰካው የቆየ ዶንግል፣ ያ ሲም ካርድ የሚገባበት የኔት መሰኪያ፣ ግን ለዊንዶውስ ዛሬም ሞደም ነው። ኮኔክት ስትሉት ከጀርባ ኮከብ 99 መሰላል ብሎ ይደውላል። ሲዲኤምኤ ለሚባለው ሌላ ዓይነት የሞባይል ኔትወርክ የተሠራ ከሆነ መሰላል 777 ነው። ለድሮው ሞደም የተሠራው ትዕዛዝ ሁሉ ለእሱም ይሠራል።

ትዕዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ወይም በፊደል ስማቸው ነው የምጽፈው፤ እናንተ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ኮምቦልቻ ላለው ለአክስቴ ልጅም በስልክ ያስጻፍኩት እንዲሁ ነው። ኔት ያጣ ሰው መመሪያውን ከኔት ሊያነብ አይችልማ! አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ።

መጀመሪያ ዶንግሉን እወቁት። ሰክታችሁ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። «ሞደምስ» በሚለው ሥር ከታየ ጥሩ ነው። እዚያ ከሌለና ስትሰኩት በብራውዘር የራሱን ገጽ የሚከፍት ከሆነ ግን አዲሱ ዓይነት ነው፤ ራሱ ነው የሚገናኘው፣ እናንተ የምትጽፉትን የትዕዛዝ ፋይል፣ ስክሪፕቱን፣ አይሰማም።

የሲም ካርዱ ፒን ይጥፋ። ሌሊት ፒን የሚያስገባለት ሰው የለም። አብሮት የመጣውን የዶንግሉን ፕሮግራምም ዝጉት፤ ከታች ሰዓቱ አጠገብ ተደብቆ የሚቀር ስለሆነ ከዚያም አስወጡት። እሱ ሞደሙን እንደያዘ ሌላ ማንም መደወል አይችልም። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ውስጡ የተሞላውን ኤፒኤን፣ ማለትም የኔትወርኩን መግቢያ ስም፣ ወረቀት ላይ ገልብጡ። በዩኤስቢ ማስረዘሚያ ኬብል ዶንግሉን መስኮት ላይ ብትሰቅሉት ደግሞ ትልቅ ለውጥ ታያላችሁ። የእኔ ወደ ጦሳ ተራራ በሚያየው መስኮት ነው የተንጠለጠለው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ከሁለት መስመር በላይ ኔትወርክ አያሳይም።

አሁን ኮንትሮል ፓናል ገብታችሁ አዲስ የዳያል አፕ ግንኙነት ፍጠሩ። ቁጥሩን ሙሉ። ስሙ አጭር ይሁን፣ መሃሉ ክፍት ቦታ አይኑረው። እኔ «ቤት» ብየዋለሁ፤ ቢ፣ ኢ፣ ቲ። ኤፒኤኑ የሚሞላው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ፣ በሞደሙ አድቫንስድ ገጽ ላይ ነው።

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት በእጅ ሞክሩት። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ክፈቱና አር፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ኤል ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ። ራስዳያል እለዋለሁ ከዚህ በኋላ። ክፍት ቦታ፣ ከዚያ «ቤት»፣ ከዚያ ኢንተር። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ካለ ከስሙ ቀጥሎ ይገባል፤ ፋይል ውስጥ ስትጽፉት ግን ለማንም እንደሚነበብ እወቁ። ለመቁረጥ፦ ራስዳያል፣ ቤት፣ ስላሽ፣ ዲስኮኔክት። ስላሹ ከጥያቄ ምልክት ጋር አንድ ቁልፍ ላይ ያለው ነው። የአክስቴ ልጅ በሌላኛው እየጻፈ «እምቢ አለኝ እኮ» ሲለኝ ነበር ያመሸው። ራስዳያል ብቻውን ከተጻፈ ደግሞ አሁን ግንኙነት መኖር አለመኖሩን ይነግራችኋል።

ይህ ከሠራ ኖትፓድ ክፈቱ።

የመጀመሪያው መስመር መጠበቅ ነው፦ ታይምአውት፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ቲ፣ ክፍት ቦታ፣ 60። ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነሳ ዶንግሉ ኔትወርክ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ከደወላችሁ ይከሽፋል። ሁለተኛው መስመር ራስዳያል ቤት። ሦስተኛው፦ ኢፍ፣ ኖት፣ ኤረርሌቭል፣ 1፣ ጎቱ፣ ሥራ። «ሥራ»ን በላቲን ፊደል ኤስ፣ አይ፣ አር፣ ኤ ብላችሁ ጻፉት፤ ኤረርሌቭልም አንድ ቃል ነው። ትርጉሙ፦ ጥሪው ካልከሸፈ ወደ ሥራ ዝለል። ከከሸፈ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ ታይምአውት 120፣ እንደገና ራስዳያል፣ እንደገና ያው ኢፍ። ሦስተኛም ጊዜ እንደዚሁ። በሦስተኛው ላይ ግን «ኖት»ን አውጡና ጎቱ መጨረሻ በሉት፤ እሱንም እንደ ሥራ በላቲን። ፕሮግራመር ቢያየው ይስቅብኛል፤ ሉፕ የሚባል መደጋገሚያ አለ አይደል ይለኛል። ሉፕ በስልክ ማስጻፍ ይሞክርና እናያለን!

ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ሥራ። ሁለት ነጥቡ እዚህ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጠው የላቲኑ ነው። ከሥሩ የሚሠራው ሥራ ይገባል። እኔ የኢሜይል ፕሮግራሜን ተንደርበርድን በስታርት ትዕዛዝ አስነሳለሁ፤ በታይምአውት 1200 ሰከንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ፣ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ታስክኪል፣ ስላሽ አይኤም፣ የፕሮግራሙ ስም ከነኢኤክስኢው። ስላሽ ኤፍ አትጨምሩበት። ስላሽ ኤፍ አንገት ቆራጭ ነው፤ ፕሮግራሙ የጀመረውን ሳይጨርስ ይገድለዋል። ያለ እሱ ግን ፕሮግራሙ በወጉ ተዘግቶ ይወጣል። 30 ሰከንድ ስጡት።

በመጨረሻ፦ ሁለት ነጥብ፣ መጨረሻ፣ ከሥሩ ራስዳያል ቤት ስላሽ ዲስኮኔክት። ጥሪው ቢሳካም ባይሳካም ሁሉም መንገድ እዚህ ይደርሳል።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» አድርጉት፤ የስሙ መጨረሻ ነጥብ ቢ፣ ኤ፣ ቲ ይሁን። ያለበለዚያ ኖትፓድ ከኋላው ቲኤክስቲ ይቀጥልበትና ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

እስካሁን ያለው ቀላሉ ነው። ገንዘብ የሚበላው አለመቁረጡ ነው።

ፋይሉ ሌሊት ራሱ የሚነሳው ታስክ ስኬጁለር በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ ከነሰዓቱ ሲመዘገብ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ላይ «ከአንድ ሰዓት ከቆየ አስቁመው» የሚለውን ሞልቶ ተማምኖ ተኛ። ሌሊት ተንደርበርድ አልዘጋም ብሎ ጥያቄ አቅርቦ ቆመ። ከጎኑ አንድ ሌላ ነገርም ተንጠልጥሎ ስክሪፕቱ አልጨርስ አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ዊንዶውስ እንደታዘዘው ስክሪፕቱን አስቆመው። ግንኙነቱን ግን አልቆረጠውም! ራስዳያል አንዴ ካገናኘ በኋላ ግንኙነቱ የዊንዶውስ ነው፤ ስክሪፕቱ ቢሞትም መስመሩ ክፍት ነው። ጠዋት ሲነሳ ፓኬጁ አልቋል። ሌሊቱን ሙሉ ፋይል ማመሳሰያው፣ ዝመናው፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም ተራ በተራ ጠጥቶታል።

መፍትሔው ሁለተኛ ፋይል ነው። ውስጡ አንድ መስመር ብቻ፦ ራስዳያል ቤት ስላሽ ዲስኮኔክት። ለብቻው በስኬጁለር ይመዝገብ፣ ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይነሳ። ግንኙነት ከሌለ ምንም አያደርግም። ካለ ይቆርጣል። ዊንዶውስ ውስጥ «ሥራ ሲፈታ ዝጋ» የሚል ምርጫ እንዳለ አውቃለሁ። አልተማመንበትም፤ ዛሬ ኮምፒውተር ከጀርባ ሥራ የሚፈታበት ደቂቃ የለውም። ዊንዶውስ 7 የምትጠቀሙ ደግሞ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የደህንነት ዝመና አይወጣለትም። ሌሊቱን በር ከፍቶ ማደር ለፓኬጁ ብቻ አይደለም ጉዳቱ።

ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ። በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት በኮምፒውተሩ 2 ሰዓት ኤኤም ነው። 8 ኤኤም ብላችሁ ከሞላችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይደውላል። የኮምፒውተሩን ሰዓት ራሱን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይሩም አሉ፤ ይቅርባችሁ። የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» የሚለው ላይ አድርጉና ተዉት፤ የእኛም እሱ ነው። የሌሊት ፓኬጅ የምትገዙ ከሆነ የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ፋይል ሰዓት በፓኬጁ ሰዓት ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ስኬጁለሩ ላይ «ኮምፒውተሩን ቀስቅሰው» የሚለው ምልክት ይደረግበት። ይህ የሚሠራው ለተኛ እንጂ ለጠፋ ኮምፒውተር አይደለም። «ተጠቃሚው ገብቶ ሳለ ብቻ» የሚለውንም ምረጡ፤ ስክሪኑ ቢቆለፍ ችግር የለውም። «ስታርት ኢን» የሚለው ሳጥን ውስጥ የፋይላችሁን ፎልደር ጻፉ፤ ያለዚያ ከታች የምነግራችሁ የጥሪ መዝገብ የት እንደሚጻፍ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

«ሰዓቱ ካለፈበት ቶሎ አስነሳው» የሚለውን ግን እንዳትነኩ። ሌሊት መብራት ይሄዳል እንበል። ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣል። ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ ያመለጠውን ጥሪ ሊያካክስ ይደውላል፣ በቀን ሂሳብ።

ከመብራት ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣም አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፤ የሳንቲም ያህል ናት። እሷ ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ስኬጁለሩ ቀኑን ይስታል። ኢሜይሉም ቢገናኝ እንኳ የሰርተፊኬት ቀን አልተስማማኝም ብሎ ይመልሳችኋል። ኔቱን ከመራገማችሁ በፊት ከታች በቀኝ ያለውን ቀን እዩት።

መዝገብ ሳታስቀምጡ ይህን ሁሉ ማድረግ በጨለማ መሄድ ነው። ከራስዳያሉ መስመር መጨረሻ ሁለት ወደ ቀኝ የሚያመለክቱ ቀስቶችና የፋይል ስም ጨምሩ። የሚናገረው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ቀስቱ አንድ ብቻ ከሆነ የቀደመውን ይደመስሰዋል። ከላይ ደግሞ ኤኮ፣ ፐርሰንት ዴት ፐርሰንት፣ ፐርሰንት ታይም ፐርሰንት ብላችሁ ያንኑ ሁለት ቀስት አድርጉ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይገባላችኋል።

መዝገቡ ላይ ቁጥር ታያላችሁ። 633 ከሆነ ሞደሙን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፤ የዶንግሉን ፕሮግራም ፈልጉት። 623 ከሆነ በዚያ ስም የተፈጠረ ግንኙነት የለም፤ ስሙን አሳስታችኋል። 691 የተጠቃሚ ስሙን ወይም የይለፍ ቃሉን ነው። 678 ከዚያ ወገን የመለሰ የለም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የኔትወርክ ጉዳይ ስለሆነ ዶንግሉን መስኮት ለውጡለት። 680 የመደወያ ቶን የለም ማለት ነው።

ሊኑክስ ያላችሁ ደብልዩቪዳያል የሚባለው መደወያ ፕሮግራም ይበቃችኋል። ከሥሩ ያለው ፒፒፒዲ ሥራ ሲፈታ የሚዘጋበትንም፣ ስንት ጊዜ ከሽፎ ተስፋ እንደሚቆርጥም ከራሱ ማዘዝ ይቻላል። ብዙ አልልም፤ ሊኑክስ ያለው ሰው ይህን ከእኔ አይጠብቅም።

ለሌሊት ከመተዋችሁ በፊት በቀን ሁለት ሙከራ አድርጉ። መጀመሪያ ዶንግሉን ንቀሉና ስክሪፕቱን አስነሱ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ ከሽፎ፣ ራሱ መውጣት አለበት። ቀጥሎ ሰክታችሁ አስነሱትና መሃል ላይ ጥቁሩን መስኮት በእጃችሁ ዝጉት። ራስዳያል ብቻውን ጻፉ፤ ግንኙነቱ እንዳለ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን ፋይል ሁለቴ ጠቅ አድርጉና እንደገና ጠይቁት። የለም ካለ ተኙ።