ጠዋት የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች አጣፍጧቸው

አንደኛ ደረጃ ለምታስተምሩ፣ ልጆች እንዳያረፍዱና እንዳይቀሩ የሚረዳ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሥራ ስም መጥራት አይሁን። ደወል እንደተደወለ ልጆቹ የሚወዱት ነገር ይቅደም፦ በየቀኑ የሚቀጥል ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ አጭር ጨዋታ። ተረቱን ልብ ሲሰቀል አቁሙና "የቀረው ነገ ጠዋት" በሉ። ከዚያ በኋላ "ነገ እንዳላረፍድ!" እያለ ቤተሰቡን የሚጨቀጭቀው ልጁ ራሱ ነው። ስሙን ልጆቹ ሥራ ሲይዙ መመዝገብ ይቻላል።

ያረፈደን ልጅ በር ላይ ማስቆም ግን ይቅር። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚያረፍደው ባብዛኛው በአዋቂ ምክንያት ነው። ቅጣት ከፈራ ደግሞ አርፍዶ ከመምጣት ጭራሽ መቅረት ይሻለዋል። "እንኳን መጣህ፣ ግባ" ይበቃል፤ ጉዳዩን ከወላጅ ጋር ጨርሱ።

ወላጅን ስታናግሩ ሒሳቡን ወረቀት ላይ አሳዩት። በየቀኑ 10 ደቂቃ ማርፈድ በ180 የትምህርት ቀናት 30 ሰዓት ይሆናል። በወር 2 ቀን መቅረት በ10 ወር 20 ቀን ነው። ብዙ ወላጅ ደምሮት አያውቅም፤ ሲያየው ይደነግጣል።

ልጅ ሲቀር እዚያው ዕለት ደውሉ። "ለምን ቀረ?" ብሎ መጀመር ሰውን ያስኮርፋል፤ "ደህና ነው? ዛሬ አጣነው እኮ" በሉ። መዝገቡንም አንዳንዴ ወደ ኋላ ገለጥ አድርጉ። ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚቀር ልጅ ካለ፣ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

"ዓመቱን ሙሉ ያልቀረ" የሚባለውን ሽልማት እኔ አልወደውም። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ክፍል ያመጣል። ካለፈው ወር የተሻሻለውን ብታመሰግኑ ይሻላል።