የጻፉትን መልሶ ማግኘት፦ ማስታወሻና ሐሳብ እንዴት ይደራጃል?

ፈተና ሲደርስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ተማሪ የሚበዛበት ሰፈር ያሉ ኮፒ ቤቶች ወረፋ ይበዛባቸዋል። ወረፋ ከያዘው ተማሪ ብዙው ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል ገብቷል፤ ጽፏልም። ግን የጻፈው ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ ስልክ ውስጥ፣ የቀረው የሃንድአውት ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ የራሱን ትቶ የጓደኛውን ሾርት ኖት ኮፒ ያስደርጋል። ግጥም ወይም አጭር ልብወለድ የሚሞክር ሰውም ከዚህ ብዙም አይሻልም። ጥሩ ሐሳብ መጥቶለት የሆነ ቦታ ጫር አድርጎታል። የት? እሱን ፈጣሪ ይወቀው።

ማስታወሻ ማደራጀት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ባለቀለም እስክሪብቶና ያማረ ደብተር ነው። እዚያ ላይ ጊዜ ባታጠፉ ይሻላል። አንድ ነገር ስትጽፉ ራሳችሁን «ይህን መቼ ነው የምፈልገው? ለምን ሥራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚመጣ ነው።

መግቢያ በሩን ቀንሱ

ሐሳብ የሚገባበት በር ሁለት ብቻ ይሁን። አንደኛው ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ነው። ሁለተኛው ስልክ። ስልኩ ላይ አዲስ አፕ ፍለጋ አትድከሙ። ቴሌግራም ያለው ሰው ለራሱ መልእክት የሚልክበት «ሴቭድ ሜሴጅ» አለው፤ ይበቃል። ጽሑፉም፣ ፎቶውም፣ ቮይሱም እዚያው ይግባ። ስክሪንሾት ጋለሪ ውስጥ ከሠርግ ፎቶ ጋር ተደባልቆ ከቀረ ጠፋ በሉት።

ሁለቱም በር የየራሱ ጊዜ አለው። ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደብተሩ ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ግን የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ጋቢ ውስጥ ሆኖ ቮይስ መቅረጽ ይቀላል። በመኪና የጣርማበርን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረዱ መጻፍም አይታሰብም። ሽማግሌ ስታነጋግሩ ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ «አባቴ፣ ድምፅዎን ብቀዳ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ምንም አይከብድም። ካልፈቀዱ ጨዋታውን በደንብ አድምጡና ከተሰናበታችሁ በኋላ ወዲያው ጻፉት።

ያገኛችሁትን ስትመዘግቡ ሦስት ነገር አትርሱ፤ ነገሩ ምንድን ነው፣ ከማን ወይም ከየት ተገኘ፣ ለምን ትኩረታችሁን ሳበው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከወር በኋላ ማስታወሻውን ስታነቡ «ይህን ለምን ጻፍኩት?» የሚያሰኘው የእሱ መረሳት ነው።

ቀን መጻፍም ግድ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ችግር አለ። ስልካችሁ ፎቶውን በፈረንጅ ቀን ይመዘግባል፤ እናንተ ደብተሩ ላይ በእኛ ትጽፋላችሁ። «2017» ብቻ ብላችሁ ከተዋችሁት የቱ 2017 እንደሆነ በኋላ አይለይም። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ። በእኛው ከሆነ የፋይል ስም ስትሰጡ ዓመቱን አስቀድሙ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፦ 2017-03-12። ጳጉሜን 13 አድርጉት። ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። የፈረንጅ ቀን መጻፍ ግድ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ጨምሩበት።

በሳምንት አንድ ጊዜ መለየት

በሁለቱ በሮች የገባው ነገር ማስታወሻ ለመባል ገና ነው። ጥሬ ነው። አውድማ ላይ ተወቅቶ ያልተነፈሰ እህል በሉት፤ ምርቱም ገለባውም አብሮ አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከቡና በኋላ፣ ቁጭ ብላችሁ ለዩት። ገለባ የሆነውን ያለ ርኅራኄ ሰርዙ። መሠራት ያለበትን፣ ለምሳሌ «መጽሐፉን መልስ» የሚለውን፣ ሥራ የምትጽፉበት ዝርዝር ላይ አድርጉ። የቀረው ነው ካርድ የሚሆነው። ሳምንቱ ካመለጣችሁ የሁለቱን አብራችሁ ሥሩ። ወር ከሞላ ግን ያስጠላችኋል፤ አትነኩትም።

አንድ ሐሳብ፣ አንድ ካርድ

ካርድ ስል ቅንጡ ነገር አይደለም። ኤ-ፎር ወረቀት ለአራት ቆርጣችሁ የጫማ ካርቶን ውስጥ አቁማችሁ ደርድሩ። ወፈር ያለ ወረቀት ከተገኘ የበለጠ ይቆማል። በስልክ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ሐሳብ ለየብቻ በአንድ ኖት ይጻፍ።

በምሳሌ እንየው። መንዝ ሄዳችሁ ስለ ጓሳ ሣር ጠየቃችሁ እንበል። የኪስ ደብተራችሁ ላይ ያለው ይህ ነው፦

«ጓሳ። ቄሮ። እስከ 5 ዓመት። 1967። ክዳን።»

ዛሬ ይገባችኋል። ለፋይናል ስታጠኑ ግን እንቆቅልሽ ይሆናል። እሑድ ቁጭ ስትሉ በራሳችሁ ቃል እንዲህ ትጽፉታላችሁ፦

«የጓሳ ሣር የኖረው መቼ እንደሚታጨድ የሚወስን ሥርዓት ስለነበረው ነው። በመንዝ ቄሮ በሚባለው የሣር ጥበቃ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ሲከፈት ሕዝቡ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቀረ። ምንጭ፦ የሽማግሌ ቃል፣ ቮይስ 2017-05-18። ከመጽሐፍ ይጣራ። ተመልከት፦ የመሬት አዋጁ ካርድ።»

ልብ በሉ፤ ርእሱ «ጓሳ» አይደለም። የካርዱ የመጀመሪያ መስመር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አቋም ያለው። «ጓሳ» የሚል ካርድ ላይ ሠላሳ ነገር ይከማችበታል። «የጓሳ ሣር የኖረው...» የሚል ካርድ ላይ ግን ያንን የሚደግፍ ወይም የሚቃወም ነገር ብቻ ነው የሚገባው። አሳይመንት ስትጽፉ እንዲህ ያሉ የመጀመሪያ መስመሮችን ብትደረድሩ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የምትጽፉት ልብወለድ ከሆነስ? ያው አንድ ጉዞ ሌላ ካርድ ይወልዳል፦

«ፈጠራ። ሣሩ ሊከፈት አንድ ሌሊት ቀርቶታል። መንደሩ ተኝቷል። አንድ ቤት ብቻ ማጭድ ሲሳል ይሰማል። ማነው? ለምን ቸኮለ?»

«ፈጠራ» የምትለዋ ቃል መጀመሪያ ላይ መኖር አለባት። ሽማግሌው የነገሯችሁና እናንተ የፈጠራችሁት ከተደባለቀ፣ ከዓመት በኋላ የፈጠራችሁትን ነገር ታሪክ ነው ብላችሁ የጥናት ጽሑፍ ላይ ታሰፍሩታላችሁ። ቃል በቃል የሰው ንግግር ከሆነም በትእምርተ ጥቅስ እሰሩት። የራሳችሁን አስተያየት ከታች መስመር አስምራችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ይህን ያደረገ ሰው የሰው ጽሑፍ ሳያውቀው ከመገልበጥም ይድናል።

ማገናኘት

ካርዶቹ ሲበዙ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ። ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኒክላስ ሉማን በዚህ መንገድ 90,000 ገደማ ካርድ አከማችቶ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። ካርድ 1 አለ። እሱን የሚቀጥል ሐሳብ ሲመጣ 2 አይባልም፤ 1ሀ ይባላል። ከ1ሀ የሚወጣው 1ሀ1 ይሆናል። አዲስ ጉዳይ ሲመጣ ብቻ ነው 2 የሚጀመረው። እንዲህ ሲሆን የሚቀራረቡ ሐሳቦች ካርቶኑ ውስጥም ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሩቅ ያለ ካርድ የሚዛመድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ግርጌ ላይ መጻፍ ነው። የጓሳው ካርድ ከመሬት አዋጁ ጋር የተገናኘው እንደዚያ ነው። አንዱ ከጂኦግራፊ፣ ሌላው ከታሪክ ኮርስ ሊመጣ ይችላል። በኮርስ ብቻ ብትከፋፍሏቸው ኖሮ አይተዋወቁም።

ሥርዓት ያለው ማስታወሻ ከጻፈው ሰው ዕድሜም ያልፋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት። እሳቸውም ሳይታተም አረፉ። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል ብጥስጣሽ ቢሆን ኖሮ አደራው እንዴት ይተላለፍ ነበር?

የእኛ ካርቶን ግን መዝገበ ቃላት አይወጣውም። ሃያ ካርድ ሳይሞላ ስለ ቁጥር አሰጣጥ ሦስት ቀን የሚጨነቅ ሰው ሥራ እየሸሸ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፉ ብቻ

ይህን የውጭ መመሪያዎች አይነግሯችሁም። በስልክ ስትፈልጉ ማሽኑ ፊደሉን ነው የሚያየው። «ፀሐይ» ብላችሁ የጻፋችሁትን «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ላይ አንድ አጻጻፍ ምረጡና አትለዋውጡ። ትክክለኛውን ሆሄ መጠበቅ ለምትፈልጉ፣ ቁልፍ ቃሉን ብቻ ግርጌ ላይ በቀላሉ አጻጻፍ ድገሙት።

ሌላው የፊት ቅጥያ ነው። «በጓሳ»፣ «የጓሳ»፣ «ስለጓሳ» እያላችሁ ጽፋችሁ «ጓሳ» ብላችሁ ስትፈልጉ፣ ቃሉን ከመነሻው የሚያዩ መፈለጊያዎች ያልፉታል። መፍትሔው እያንዳንዱ ኖት ግርጌ ላይ ቁልፍ ቃላቱን ራቁታቸውን ማስፈር ነው፦ #ጓሳ #መሬት #መንዝ። አምስት ቢበዛ።

በወረቀት ለሚሠሩ ደግሞ ደብተሩ መጨረሻ ላይ ጥቂት ገጽ ለማውጫ ተዉ። በሀ ሁ ቅደም ተከተል ቃሉን ጻፉና ከጎኑ የካርዱን ቁጥር።

ለፈተና ሲሆን

ለጥናት አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ፖክ የተባሉ መምህር ያስተዋወቁት የገጽ አከፋፈል ለእኛም ደብተር ይሆናል። በግራ በኩል አምስት ሳንቲሜትር ያህል ትታችሁ ቁልቁል መስመር አስምሩ። ከግርጌም ጥቂት መስመር ተዉ። ክፍል ውስጥ በቀኙ በኩል ጻፉ። ማታ ዶርም ስትገቡ በግራው በኩል ጥያቄ አድርጉት፤ «የቄሮ ሥርዓት ለምን ቀረ?» እንደማለት። ከግርጌው ገጹን በሁለት ዓረፍተ ነገር አጠቃልሉ።

ስታጠኑ ቀኙን በወረቀት ሸፍኑና ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ መልሱ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ይመስለናል እንጂ ፈተና ላይ ያጋልጠናል። ያልመለሳችሁትን ጥያቄ ምልክት አድርጉበት፤ በማግስቱና በሳምንቱ እሱን ብቻ ጠይቁ።

ወደ ሥራ ሲገባ

ካርቶኑን በርእስ አሥር ቦታ አትከፋፍሉት። በእጅ ያለ ሥራ፣ ወደፊት የሚሠራ፣ ያለቀ፤ ሦስት መለያ ይበቃል። ጽሑፍ ስትጀምሩ የሚመለከቱትን ካርዶች አውጥታችሁ አልጋ ላይ ዘርጓቸው። ቦታ አለዋውጡ። የማይገባውን መልሱ፤ የጎደለው የት እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል። ለልብወለድ በተለይ ይህ ይጠቅማል። የማጭዱ ካርድ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ምን ይሆናል? መጨረሻ ላይስ? ወረቀት ማንቀሳቀስ ሙሉ ምዕራፍ እንደገና ከመጻፍ ይቀላል።

በወር አንድ ቀን ካርዶቹን ፎቶ አንሡና ኢሜይላችሁ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ፍላሽ በቫይረስ ይበላሻል፤ ሁለት ቦታ ይሁን። የኪስ ደብተሩ የውስጥ ሽፋን ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ።

ያለፉት ዓመታት ደብተሮችስ? አትንኳቸው። ሁሉንም ወደ ካርድ ልገልብጥ ያለ ሰው ከሁለተኛው ደብተር አያልፍም። ሽፋናቸው ላይ የኮርሱን ስምና ዓመቱን በወፍራሙ ጻፉና አልጋ ሥር አስገቧቸው። አንድ ቀን ለአሳይመንት አንድ ገጽ ሲያስፈልጋችሁ ያንን ገጽ ብቻ አውጥታችሁ ካርድ አድርጉት።