ሰውን በፊቱ ስንለይና ፊቱን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ከሰው የሚታየው ዓይኑና አካሄዱ ነው። ሌላውን ብርዱ ጋቢ ውስጥ ይከተዋል። እንዲያም ሆኖ ጎረቤታችንን ከመንገድ ማዶ እንለየዋለን፣ በስሙ እንጠራዋለን። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ችሎታ ለማናውቀው ሰውም ይሠራል ብለን ስናምን ነው። አንጎላችን የለመደውን ፊትና ያልለመደውን ፊት በአንድ ዓይን አያይም። ከታች ከማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። በየቀኑ ሰው የሚጎዱ ስህተቶች ስለሆኑ አንድ በአንድ እንያቸው።

የማናውቀውን ሰው ከፎቶው ጋር ማመሳከር ቀላል ነው ብሎ ማሰብ

ባንክ ቤት መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩዋት። መታወቂያውን ታነሳለች፣ ቀና ብላ የደንበኛዋን ፊት ታያለች፣ መልሳ ፎቶውን ታያለች። ፎቶው ከዓመታት በፊት የተነሳ ነው። ያኔ ፀጉሩ ሹሩባ ነበር፤ ዛሬ ነጠላው ግንባር ድረስ ወርዷል። ያኔ የከሳው ጉንጭ ዛሬ ሞልቷል።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ልሆን ነው ልጄ!»

ደንበኛዋ ቢቆጡም ልጅቷ መጠየቋ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሮብ ጄንኪንስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 40 ፎቶ ለሰዎች ሰጥተው «የአንድን ሰው ፎቶ አንድ ላይ አድርጉ» አሏቸው። በፎቶዎቹ ላይ የነበሩት ሁለት ታዋቂ የሆላንድ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹን የማያውቁት እንግሊዞች ግን በአብዛኛው ሰባት ስምንት ሰው አድርገው ከፋፈሏቸው። የሚያውቋቸው ሆላንዶች አልተቸገሩም። ፎቶው ያው ነው፤ ልዩነቱ ትውውቅ ብቻ ነው።

«ሥራዬ ብሎ የያዘውስ?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የአውስትራሊያ የፓስፖርት ሠራተኞችን ፈትኗል። የሌላ ሰው ፎቶ ይዞ ከቀረበው ውስጥ 14 በመቶውን «ራሱ ነው» ብለው አሳልፈዋል። በሥራው ላይ ብዙ ዓመት የቆየው ከአዲሱ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ገንዘብ፣ ፈተና ወይም የውርስ ጉዳይ ያለበት ቦታ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ፋይዳ ላይ የጣት አሻራና የዓይን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል) አብሮ መወሰዱ ትልቅ እገዛ ነው።

ፀጉርና ልብስ ላይ ማተኮር

አዲስ ሰው ስናይ ዓይናችን የሚይዘው ዳር ዳሩን ነው፦ የፀጉሩን ቁርጥ፣ ኮፍያውን፣ የፊቱን ቅርጽ። የለመድነውን ሰው ግን የምንለየው በመሀል ፊቱ ነው፦ በዓይኑ፣ በአፍንጫው፣ በአፉ። ፀጉር የተላጨ ወይም ነጠላዋን ያጣፋች አዲስ ሰው በማግስቱ ስትጠፋብን ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁሉም ነጭ ለብሶ በሚመጣበት የጥምቀት ቀንማ ተዉት።

የአዲስ ሰው ፊት እንዲያዝላችሁ ከፈለጋችሁ መሀል ፊቱን እዩ። ቅንድቡንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ ከታዋቂ ሰዎች ፎቶ ላይ ቅንድብ ሲጠፋ ሰዎቹን ማወቅ ዓይናቸው ከጠፋበት ፎቶ የባሰ አስቸግሯል።

«እነሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው» ማለት

ቻይና ሁሉ አንድ ነው፣ ፈረንጅ ሁሉ አንድ ነው እንላለን። እነሱም እኛን እንዲሁ ይላሉ። ማንም ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ያልለመደው ዓይናችን ነው። በልጅነታቸው ወደ ፈረንሳይ በጉዲፈቻ የተወሰዱ ኮሪያውያን ካደጉ በኋላ ሲፈተኑ፣ እንደ ፈረንሳዮቹ የፈረንጅ ፊት መለየት ይቀላቸው ነበር። ነገሩ የትውልድ ሳይሆን የልምድ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ከመንዝ እረኛ የተሻለ አስረጂ የለም። የመንዝን በግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ፊቱ ያለው የሱፍ ክምር ብቻ ነው። እረኛው ግን ከሁለት ቤት የተቀላቀለውን መንጋ ሲመሽ እያየ «ያቺ የኛ ናት፣ ያቺ የነሱ» እያለ ይለያል። እንግሊዝ አገር ደግሞ በስትሮክ ምክንያት የሰው ፊት መለየት ያቃተው አንድ ሰው ነበር። ከሕመሙ በኋላ በግ ማርባት ጀመረና በጎቹን በፊታቸው መለየት ቻለ። ሐኪሞቹ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1993 ጽፈውታል። በጎቹም ቢሆኑ ቀላል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬምብሪጅ አካባቢ የተሠራ ጥናት በግ የ50 በጎችን ፊት ከሁለት ዓመት በላይ እንደሚያስታውስ አሳይቷል። «እንደ በግ» እያልን ሰው የምንሰድበው በጉን ሳናውቀው ነው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ መመስከር

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። ገበያ ላይ ስልክ ይሰረቃል። ግርግር ይነሳል። አንድ ወጣት ይያዛል። «እሱ ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል?

እንዲህ የሚምለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም። ከልቡ ነው። ግን ከልብ ማመንና ልክ መሆን ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጄኒፈር ቶምፕሰን የተባለች ተማሪ በገዛ ቤቷ ተደፈረች። ጥቃቱ ሲፈጸምባት፣ በኋላ ለፖሊስ ለመናገር ብላ የሰውየውን ፊት ሆን ብላ ታጠና ነበር። መጀመሪያ ከፎቶዎች፣ ቀጥሎ ከተደረደሩ ሰዎች መሀል ሮናልድ ኮተንን መረጠች። ፍርድ ቤትም ቆማ ያለ አንዳች ጥርጥር መሰከረችበት። ኮተን ከአሥር ዓመት በላይ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1995 በተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ ጥፋተኛው ቦቢ ፑል የተባለ ሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ። ፑል ቀደም ሲል ፍርድ ቤት ቀርቦ ፊቷ ቆሞ ነበር። አላወቀችውም። ከፎቶ የመረጠችው ፊት የእውነተኛውን ቦታ ወስዶ ነበር።

ስለዚህ የሆነ ነገር ካያችሁ ማንም ሰው ወይም ፎቶ ሳይታያችሁ በፊት የምታስታውሱትን ለብቻችሁ ጻፉ ወይም ተናገሩ። ከሌላ ምስክር ጋር አታመሳክሩ፤ አንዱ የሌላውን ትዝታ ይበርዘዋል። ፎቶ የሚያሳየው ሰው ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። «ሰውየው ከነዚህ መሀል ላይኖርም ይችላል» መባልም አለበት። ፌስቡክ ላይ ፎቶ እየለጠፉ «ይሄ አይደል?» ማለት ግን ምስክርነትን ያበላሻል፣ ንጹሕ ሰውም ሊያስደበድብ ይችላል።

ፊት ብቻ አይቶ የሆድን ማወቅ

ለቅሶ ቤት ሁላችሁም ያያችሁት ነገር ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ዓይኗ ደርቋል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጫፉን ታፍተለትላለች። ከድንኳኑ ማዶ ሹክሹክታ ይጀምራል፦ «አንጀቷ ደንድኗል»፣ «እንባ እንኳ የላት»። ይህ ግፍ ነው። ሐዘን አንድ መልክ የለውም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ኤክማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዶ ደስታን፣ ንዴትንና ሐዘንን የመሳሰሉ ስሜቶች በመላው ዓለም በአንድ ዓይነት ፊት ይነበባሉ አለ። ሐሳቡ ብዙ ዘመን ገዝቷል። በኋላ ግን ጥያቄ በዛበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እኛ «ፈራ» የምንለውን የፈጠጠ ፊት እዚያው ፓፑዋ ኒው ጊኒ ያሉት የትሮብሪያንድ ደሴት ሰዎች ዛቻ ብለው ያነቡታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናቶቹን ሰብስበው ሲመረምሩ ደግሞ፣ ሰው ሲናደድ ፊቱን የሚያኮሳትረው ሲሶ ያህል ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተኮሳተረ ሁሉም የተናደደ አይደለም። ፀሐይ ይሆናል፣ ራስ ምታት ይሆናል፣ እያሰበ ይሆናል።

ስሜቱ ሲበረታ ደግሞ ፊቱ ይባስ ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ነጥብ ያገኙና የተሸነፉ የቴኒስ ተጫዋቾች ፎቶ ለሰዎች ቀረበ። ፊቱ ብቻ ተቆርጦ ሲታይ ማን እንዳሸነፈ መለየት አልቻሉም። ሰውነቱ ብቻ ሲታይ ግን ለዩ።

ሳቁም እንዲሁ ነው። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 የእውነት ፈገግታ ዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያንቀሳቅሳል ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ግን እሱንም ሆን ብሎ ማድረግ እንደሚችል በኋላ ታይቷል። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? የሰውን ሆድ ማወቅ ከፈለጋችሁ ድምፁን ስሙ፣ እጁን እዩ፣ ከምንም በላይ ደግሞ ጠይቁት።

በመልኩ ሌባ ማለት

«ፊቱ አላማረኝም» ብለን ቤት የከለከልነው ተከራይ፣ ሥራ የነፈግነው ልጅ ስንት ይሆን? ዊሊስና ቶዶሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ አንድን ፊት «ይታመናል፣ አይታመንም» ለማለት የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይበቃናል። ረዘም ያለ ጊዜ ሲሰጠን የሚጨምረው በፍርዳችን ላይ ያለን እምነት ነው እንጂ ፍርዱ ብዙም አይለወጥም። ፍጥነቱ እውነት አያደርገውም። ዋስ ጠይቁ፣ የቀድሞ አከራዩን ጠይቁ፣ ሥራውን እዩ።

ሰላም ሳይለን ያለፈን ሁሉ «ዘጋን» ማለት

እኛ አካባቢ ሰላምታ ከባድ ነገር ነው። ሳይሰጥ ያለፈ ሰው «ኮራ»፣ «አይቶ እንዳላየ ሆነ» ይባላል። ዝምድና የሻከረበት ቤት አለ።

ፊት መለየት የማይችሉ ሰዎች ግን አሉ። ዓይናቸው ጤነኛ ነው። አፍንጫውን፣ ዓይኑን፣ አፉን ለየብቻ ያያሉ፤ የማን እንደሆነ ግን አይመጣላቸውም። ጀርመናዊው ሐኪም ዮአኪም ቦዳመር እ.ኤ.አ. በ1947 ፕሮሶፓግኖዢያ የሚል ስም ሰጠው። በአደጋ ወይም በስትሮክ ሊመጣ ይችላል፤ ይዘውት የሚወለዱም አሉ። ከመቶ ሰው ሁለቱ ያህል አብሯቸው የተወለደ እንደሆነ ይገመታል። ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ኦሊቨር ሳክስ ራሱ እንዲህ ነበር። በቤተሰብም ሊወረስ ይችላል።

አብዛኞቹ ስም እንዳለው እንኳ ሳያውቁ ይኖራሉ። ሰውን በድምፁ፣ በአካሄዱ፣ በሻሹ ይለያሉ። ሻሹ ሲቀየር ይጠፋባቸዋል። ልጅ ከሆነ ደግሞ «ዓይናፋር»፣ «ደንቆሮ»፣ «ስድ» ይባላል። ዩኒፎርም የለበሰ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ሁሉ አንድ ይሆኑበታል፣ ከጨዋታም ይርቃል።

ልጃችሁ አክስቱን በገበያ አይቶ ካላወቃት፣ አፏን ስትከፍት ግን ወዲያው ከለያት፣ አትቆጡት። ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ሰውን በምንድን ነው የምታውቀው?» በሉት። ለመምህሩም ንገሩት፤ ልጆቹ ቦታ እንዳይቀያየሩ፣ በስም እንዲጠራሩ ያድርግ። አዋቂም ሆኖ የሚቸገር ዘመድ ካላችሁ ስትገናኙ ቀድማችሁ «እኔ እንትና ነኝ» በሉት።